መከራን አታወድሱ

«መከራ ያሳድጋል» የሚለው አባባል ዛሬ በክርስቲያኖች ዘንድ ማንም የማይከራከረው እውነት ሆኖ ተቀምጧል። በዐውደ ምሕረት ይሰበካል፣ በአዳራሽ ይዘመራል፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ አስተዛዛኝ ቡናውን ፉት እያለ ይደግመዋል። ልጁን የቀበረ አባት «ለበጎ ነው» ይባላል። ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ «እግዚአብሔር የሚወደውን ነው የሚፈትን» ይባላል። ከአጣዬ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከዙሪያው ሸሽቶ ደብረ ብርሃን ላይ በሸራ ሥር የተጠለለ ሰውም ይህንኑ ሰምቷል፤ አንዳንዴ ዱቄት ይዞ ከመጣ፣ አንዳንዴም ምንም ሳይዝ ከመጣ።

አባባሉ ስሕተት ነው። መከራ በራሱ ማንንም አላሳደገም፤ አያሳድግምም። ሰው በመከራ ውስጥ ሊያድግ ይችላል፤ ያደጉም ብዙ ናቸው። ያሳደጋቸው ግን በዚያ ክፉ ሰዓት ያገኙት ሌላ ነገር ነው፦ የጎረቤት እንጀራ፣ አብሯቸው የጸለየ ወንድም፣ በደሉን በደል ብሎ የጠራላቸው ሰው፣ ከእስራት የፈታቸው እጅ። ምስጋናውን ከእነዚህ ሁሉ ነጥቆ ለመከራው መስጠት ተጎጂውን ዳግመኛ መበደል ነው።

ተቃራኒው ወገን የያዘው ማስረጃ ግን ቀላል አይደለም። ከሁሉ በፊት መጽሐፍ ቅዱስ አለው። ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት አምስተኛ ምዕራፍ ላይ ከመከራ ትዕግሥት፣ ከትዕግሥትም ተስፋ እንደሚወለድ ይናገራል። ያዕቆብ መልእክቱን የሚጀምረው አማኞች ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባቸው በደስታ እንዲቀበሉት በመምከር ነው። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 ደግሞ ችግርን አባት ለልጁ ከሚሰጠው ተግሣጽ ጋር ያመሳስለዋል።

ታሪክም አላቸው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ጣልያን አገሩን በመያዙ በ1937 እ.ኤ.አ. ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ሕዝብ 10 ሺህ ገደማ ይሆን ነበር። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ደርግ ወድቆ በሯ ሲከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ብቅ አሉ። ወንጌላውያኑ ይህን ሲጠቅሱ ኦርቶዶክሱ ደግሞ የመነኮሳቱን ገድል ይጠቅሳል፤ በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩትን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን፣ በየዋሻው ቅጠል እየበሉ የኖሩትን አባቶች። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ከልብ የሚመነጭ አንድ ነጥብ አለ፤ ምክንያት የሌለው መከራ ከመከራም ይከፋል፣ ስለዚህ ለተጎዳ ሰው ምክንያት መስጠት ምሕረት ነው የሚል።

እነዚህን የሚያነሡ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ማጽናናት ነው የሚፈልጉት። ይሁን እንጂ የያዙት ማስረጃ እነርሱ ከሚሉት ተቃራኒውን ይመሰክራል።

ከመጽሐፉ እንጀምር። ጳውሎስ ስለ መከራ ፍሬ ሲጽፍ የሚናገረው ስለ ማን ነው? ስለ ራሱ ነው። የተገረፈው፣ የታሰረው፣ መርከብ የተሰበረበት እርሱ ነው። የገዛ ቁስሉን እያሳየ መመስከር መብቱ ነው፤ ያልቆሰለ ሰው ያንኑ ቃል አንሥቶ በሌላ ሰው ቁስል ላይ ሲለጥፈው ግን ነገሩ ተለውጧል። ያዕቆብም ቢሆን ስለ ፈተና ደስታ ተናግሮ አላበቃም። ገጹን ገልጦ ሁለተኛውን ምዕራፍ ላነበበ፣ ልብስ ያጣንና የዕለት ምግብ የቸገረውን ሰው በባዶ ምርቃት የሚያሰናብተውን አማኝ እምነትህ የሞተ ነው ብሎ ሲገሥጸው ያገኘዋል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሚወድ ሰባኪ ሁለተኛውን ለምን ይዘለዋል?

የዕብራውያን መልእክትም የተጻፈላቸው ሰዎች፣ በምዕራፍ 10 እንደተነገረው፣ ንብረታቸው የተዘረፈና ከታሰሩት ጋር የተጨነቁ ናቸው። የተግሣጹ ምዕራፍ ራሱ ሳያልቅ የዛሉትን እጆችና የላሉትን ጉልበቶች እንዲያቀኑ ያዛቸዋል። ትምህርቱና ትእዛዙ አብረው ተጽፈዋል፤ ትእዛዙን አስቀርቶ ትምህርቱን ብቻ ማንበብ መልእክቱን መክፈል ነው።

ከሁሉ የሚብሰው መጽሐፈ ኢዮብ ነው። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ሥራ ሠሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ አጠፉ። ከእነርሱ አንደኛው፣ ቴማናዊው ኤልፋዝ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ ላይ እግዚአብሔር የሚገሥጸው ሰው ብፁዕ መሆኑን ለኢዮብ ያስተምረዋል። ዛሬ በየመድረኩ የምንሰማው ስብከት ይኸው ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በዚሁ ኤልፋዝና በባልንጀሮቹ ላይ ነው፤ ስለ እርሱ ቅን ነገር አልተናገሩምና። በአመዱ ላይ ተቀምጦ ሲጮኽ፣ ሲሞግት፣ የተወለደበትን ቀን ሲረግም የነበረው ኢዮብ ግን ቅን ተናገረ ተባለለት። አንድን አሳብ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ ማን ለማን በምን ሰዓት እንደተናገረው ማየት ያስፈልጋል።

በሰሜን ሸዋው ይፋት ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በ1953 ግንቦት መጨረሻ አካባቢ በካራቆሬ ዙሪያ ምድር ተናወጠች። ማጀቴ ፈረሰች፤ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎዳች፤ መሬቱም ብዙ ኪሎ ሜትር ድረስ ተሰነጠቀ። ምክንያቱ ይታወቃል፤ አካባቢው የሸዋ ደጋ ወደ አፋር ረባዳ የሚወርድበት የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ዛሬም እየተላቀቀ ነው። የማጀቴ ሰው ከደብረ ሲና ሰው ይልቅ ኃጢአተኛ ነበር? ወይስ ከደብረ ሲና ሰው ይልቅ እንዲያድግ ተመርጦ ነው? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ክርስቶስ ራሱ አንሥቶ ከሌላው ይልቅ በደለኞች አልነበሩም አለ። የሞታቸውን መንፈሳዊ ጥቅም አላብራራም፤ ፊቱን ወደ ቆሙት ሰዎች መልሶ እነርሱ ንስሐ እንዲገቡ ጠየቃቸው። ጥያቄው የሚዞረው ወደ ተረፈው ሰው ነው።

ክርስቶስ ራሱ በጌቴሴማኒ ምን አደረገ? ጽዋው እንዲያልፍለት ሦስት ጊዜ ለመነ። ላቡ እስኪወርድ ተጨነቀ። መከራን እንደ በረከት ተጠምቶ የፈለገ ክርስቲያን ካለ ከጌታው የተለየ መንገድ ይዟል።

ወደ ታሪኩ እንምጣ። የወላይታው ቁጥር እውነት ነው፤ የመሠረተ ክርስቶስም እውነት ነው። ጥያቄው ምን አሳደጋቸው የሚለው ነው። ወላይታ ላይ ዋንዳሮን ጨምሮ መሪዎቹ ታስረው ተገረፉ፤ ምእመናኑ ግን አልተውአቸውም፤ ለታሰረው ስንቅ ይዘው መንገድ ሄዱ፣ ልብስ አካፈሉ፣ ለሚስቱና ለልጆቹ ተደረሰላቸው። ጎረቤት ይህን አይቶ «እነዚህ ሰዎች እንዲህ የሚዋደዱ ምን ቢያገኙ ነው?» ብሎ ጠየቀ። መሠረተ ክርስቶስም የጸሎት ቤቶቿ ተወርሰው መሪዎቿ ሲታሰሩ፣ አማኞቹ በጣት በሚቆጠር ቡድን በየቤቱ ተከፋፍለው መጽሐፍ አጠኑ፤ ሴቶች አስተማሩ፤ አዲስ አስተማሪ በየጓዳው ሠለጠነ። ያሳደጋቸው ይህ ነው። ጭቆናው በሩን ዘጋ፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መቶ ሌላ በር ከፈተች። የተከፈተውን በር ትቶ የዘጋውን ቁልፍ ማመስገን ምን ይባላል?

ደግሞም ይህ ቆጠራ የተረፉትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። የጠፉትስ? በደቡብ ግብፅና በሰሜን ሱዳን ለዘመናት የኖረችው የኖባ ቤተ ክርስቲያን መከራ አልጎደላትም፤ ዛሬ ግን የለችም። አውግስጢኖስ የሰበከበት የሰሜን አፍሪካ ክርስትናም ከሰማዕታቱ ጋር አብሮ ተረሳ። መከራ የሚያሳድግ ቢሆን ካርታጎ ዛሬ በምእመን በተሞላች ነበር።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ይፋት የሙስሊም ሱልጣኔት መቀመጫ ሆኖ ከሸዋ ክርስቲያን ነገሥታት ጋር ለረጅም ዘመን የተዋጋ፣ ሁለቱም ወገን በየተራ የተቃጠለበት፣ ዛሬም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ የሚገናኝበት ምድር ነው። በ1529 እ.ኤ.አ. የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ ከተሸነፈ በኋላ ሸዋ ተከፈተች፤ ደብረ ሊባኖስ በ1531 ተቃጠለ። በዚያ እሳት ውስጥ የነበሩ ክርስቲያኖች ሁሉ አደጉ? በፍጹም። ሰማዕት የሆኑ ነበሩ። የተሰደዱም ነበሩ። እጅግ ብዙዎች ግን ነፍሳቸውንና ልጆቻቸውን ለማትረፍ ሃይማኖታቸውን ለወጡ። ጦርነቱ ሲያልፍ ቤተ ክርስቲያን ለእነዚህ ሰዎች ያዘጋጀችው መጽሐፈ ቄድር የሚባለውን ሥርዓት ነው፤ የካዱት በጸሎት፣ በጾምና በውኃ ነጽተው ወደ ኅብረቱ የሚመለሱበትን። የዚያ ዘመን አባቶች መከራ ሰውን እንደሚሰብር በዐይናቸው አይተዋል። ስለዚህ መመለሻ ሠሩለት። «ጠንካራው ቀረ፣ ደካማው ተለየ፣ ተጣራን» ብለው አልተኩራሩም። ይህ ከዛሬው ስብከት ምን ያህል የራቀ ነው!

«ወርቅ በእሳት ተፈትኖ ይጠራል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ወርቅ ይጠራል። ነገር ግን በቀወት ሜዳ ላይ የተከመረ ማሽላ ውስጥ እሳት ሲገባ የሚቀረው ዐመድ ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ወርቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ለልጆቹ የዓመት ቀለብ የሰበሰበ ገበሬ ነው።

አጣዬን እንመልከት። በመጋቢት 2013 ጥቃት ደረሰባት፤ በሚያዝያ እንደገና ደረሰባትና ብዙው ክፍሏ ነደደ። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረደ። በጥር 2015 አጣዬና ጀውሃ አካባቢ ዳግም ደም ፈሰሰ። መከራ በድግግሞሹ የሚያሳድግ ከሆነ ይህ ቆላ ዛሬ የፍቅርና የትዕግሥት አገር በሆነ ነበር። በእውነቱ የበቀለው ምንድን ነው? አንዳንዱ ዘንድ ጸሎት በርትቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ብዙው ዘንድ ግን ቂም ነው የበቀለው። የተቃጠለ ቤት የመሣሪያ ገበያ ይጠራል፤ አባቱን ያጣ ልጅ የገዳዩን ብሔር እየቆጠረ ያድጋል። ይህን የሚያውቅ መምህር ስለ መከራ ፍሬ ሲሰብክ ስለዚህኛው ፍሬ ዝም ማለት አይችልም። ቂምን የሚነቅለው ፍትሕ፣ የዳኛ ፍርድ፣ የበደለው ሰው ይቅርታ መጠየቅና የተበደለው ነጻ ሆኖ ይቅር ማለቱ ነው። እሳቱ ራሱ አይነቅለውም።

የመነኮሳቱ ጉዳይስ? ይህ ከሁሉም ነጥቦች ጠንካራው ይመስላል፤ ግን በአንድ ጥያቄ ይወድቃል። መርጦ የጾመና የሚበላ ያጣ አንድ ናቸው? አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቆመው የጸለዩት ፈልገው ነው። ወደ ገዳም የገባ ሰው በሩን ከውስጥ ነው የዘጋው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጾምን በፈቃድ የሚቀርብ መሥዋዕት አድርጋ ነው የሠራችው፤ ለዚህም ነው ሕፃናትን፣ ሕመምተኞችን፣ የወለዱ እናቶችን የምታስፈታው። ረሀብ ቅድስናን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ አራስ ሴት ገንፎ እንድትበላ ባልፈቀደች ነበር። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 አርበኞችን አላወግዝም ብለው አዲስ አበባ ላይ በጥይት ሲወድቁ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አገር ጥለው እንዲወጡ ተመክረው እንቢ ብለው በሐምሌ 1971 ታፍነው ሲገደሉ፣ ሁለቱም የሚከፍሉትን ዋጋ አውቀው ነው። መስቀሉን አንሥተው ተሸክመዋል። በሌሊት በጥይት ድምፅ ተቀስቅሳ ሦስት ልጅ ይዛ በጭለማ የሮጠችው የአጣዬ እናት ግን የመረጠችው ነገር የለም። የእርሷን ስደት ከእነርሱ ምርጫ ጋር አንድ ማድረግ የሰማዕታቱንም ክብር ይቀንሳል፣ የእርሷንም በደል ይሸፍናል።

የጉዲና ስም ከተነሣ አንድ ነገር ሳይጨመር መታለፍ የለበትም። እርሳቸው ዋና ጸሐፊ ሳሉ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ለውጭ አገር አጋሮቿ የጻፈችው ደብዳቤ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ታላቅ ውይይት ያስነሣ ነበር። ፍሬ ነገሩ ሰው ነፍስና ሥጋ ተብሎ አይከፈልም፤ ወንጌል መስበክና ሰውን ከድህነት ማውጣት አንድ አገልግሎት ነው የሚል ነበር። ይህን የጻፈች ቤተ ክርስቲያን መሪዋን ለመከራ ሰጠች። መሪዋ ግን መከራን አልሰበኩም፤ ሙሉውን ሰው ስለማገልገል ነበር የሰበኩት። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም ተይዘው ዐሥር ዓመት በእስር ቆዩ። እነዚህ ሰዎች ስለ መከራ የመናገር መብት ካላቸው ጥቂቶች መካከል ናቸው፤ ያተረፉልን ትምህርት ግን ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ትምህርት ቤት ክፈቱ፣ ለተበደለ ቁሙ የሚል ነው።

ወደ አሊዩ አምባ እንውረድ። ከአንኮበር ገደል ሥር ያለችው ይህች የአርጎባዎች ከተማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ የሚራገፍባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ዓርብ ዓርብ አሞሌ፣ ቡና፣ ጥጥ፣ በቅሎ ይሸጥባታል። አጠገቧ ያለው አብዱል ረሱል ደግሞ የባሪያ ገበያ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ልጆች እዚህ ተሽጠው፣ በአዳል በረሃ ወደ ባሕር ይነዳሉ። ከላይ አንኮበር ላይ የክርስቲያን ንጉሥ ቤተ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ደወሉ ይደወላል፤ ከንግዱ ደግሞ ቀረጥ ይገባል። በ1839 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋ የገባው ሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ይህንን በዐይናቸው አይተው ጽፈዋል።

በዚያ ገበያ መካከል ገመድ የታሰረች የዐሥር ዓመት ልጅ ፊት ቆሞ «ይህ ለመንፈሳዊ እድገትሽ ነው» የሚል ክርስቲያን ቢገኝ ምን እንለው ነበር? ሰው አይደለም እንላለን። እንግዲያውስ ዛሬ ያንኑ ቃል በሌላ ግፍ ለተጎዳች ልጅ ስንናገር ለምን ደግ እንመስላለን?

እዚህ ላይ የተቃራኒው ወገን የሚጠቅሰው ሰው ይታወቃል፤ አናሲሞስ ነሲብ። በሕፃንነቱ ተፈንግሎ በተደጋጋሚ ተሸጧል፤ በኋላ ግን ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ለኅትመት አብቅቷል። «ባይሸጥ ኖሮ ይህ መጽሐፍ አይኖርም ነበር» ይላሉ። እንዲህ የሚል ሰው የዚህን ታላቅ ሰው ሕይወት አላነበበም። አናሲሞስ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ የስዊድን ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ተጠመቀ፤ ወደ ስዊድን ሄዶ ተማረ። ለትርጉሙ ሥራ ደግሞ የቋንቋውን ሀብት ያቀበለችው አስቴር ጋኖ ነበረች፤ እርሷም ከባርነት ነጻ የወጣች ልጅ ናት። ነጻ ያወጣቸው እጅ፣ ያስተማራቸው ቤት፣ አብረው የሠሩት ሥራ ነው ያንን መጽሐፍ የወለደው። ባርነቱማ ለሁሉም እኩል ደርሷል። በአብዱል ረሱል በኩል አልፈው በበረሃው የቀሩት፣ ባሕሩን ተሻግረው ስማቸው የጠፋው ልጆች መጽሐፍ አልተረጎሙም። ስንት አናሲሞስ፣ ስንት አስቴር ከእነርሱ ጋር ጠፋ? ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ በአንዱ መትረፍ ባርነትን ማመስገን ግፍ ነው።

ክራፕፍም ቢሆን። በ1842 እ.ኤ.አ. ከሸዋ ወጥቶ ከሚስቱ ጋር ሊመለስ ሲሞክር በሾሆ በረሃ ሕፃን ልጁ ተወልዳ ሞተች፤ «እንባ» ብሎ ነበር የሰየማት። በ1844 ሞምባሳ ላይ ሚስቱንና ሌላዋን ሕፃን ቀበረ። ሚሲዮናዊ ነው፤ ለስብከት የሚሆን ምክንያት አያጣም ነበር። ለልጁ ያወጣላት ስም ግን እንባ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ማልቀስን ታውቃለች። በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው። በእነዚህ 40 ቀናት ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌና በሰቆቃወ ድንግል የሚያድረው ካህን የሚያስበው ሕፃኗን አዝላ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ የሸሸችውን እናት ነው፤ ረሀቧን፣ ጥሟን፣ የአሸዋውን ቃጠሎ፣ ውኃ የነፈጓትን ሰዎች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ድንግል ማርያምን «ስደቱ አሳደገሽ» አይላትም። ያለቅስላታል። በ2014 ያ ወቅት ሳያልቅ፣ በጥቅምት፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ፣ ከወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ በጣርማ በር ዳገት ወደ ደብረ ብርሃን ጎረፈ። ልጅ ያዘለች፣ አሮጊት የምትደግፍ፣ ድስትና ብርድ ልብስ በራሷ የተሸከመች። ጥቂት ቆይቶ የሸዋ ሮቢት ሰው ራሱ ተከተለ። የሸዋ ሮቢት ቆላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,800። ማሾና ሽንኩርት በሚያበቅል ሙቀት የኖረ ሰው በነጠላ ብቻ በኅዳር ውርጭ አደረ። ለዚያች ከጭስ ላመለጠች እናት የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አስቀድሞ ተዘጋጅቶላት ነበር። ስንቱ ሰባኪ ዘመረላት? ስንቱስ «ታገሺ፣ ለበጎ ነው» ብሎ አለፋት?

«ታዲያ ምንም ባንላቸው ተስፋ አይቆርጡም?» የሚል ይኖራል። ይህ ቅን ጥያቄ ነው። ተስፋ የሚያስቆርጠው ግን ዝምታ አይደለም። የሚያስቆርጠው ሕመሙን እንዳያወጣ የሚከለክል ቃል ነው። መከራህ ለእድገትህ ነው የተባለ ሰው ባላደገ ጊዜ ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ የደረሰበትን ጉዳትና «እኔ ምን ጎደለኝ?» የሚለውን። ሌሊት እንቅልፍ ያጣው፣ የሚያስደነግጠው፣ ልጆቹ ላይ የሚጮኸው ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ጸሎትም ያስፈልገዋል፤ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አለበት። «እምነትህ ቢበረታ ይለቅህ ነበር» የተባለ ሰው ሁለቱንም ያጣቸዋል። ሌላም ጉዳት አለ፦ ሁሉን ወደ እግዚአብሔር አሳብ የሚመልስ ስብከት ያቃጠለውን ሰው፣ ትእዛዝ የሰጠውን አለቃ፣ ሳይደርስ የቀረውን ጸጥታ አስከባሪ ከፍርድ ያወጣዋል። ቤት በእግዚአብሔር ፈቃድ አይቃጠልም፤ ክብሪት የያዘ ሰው አለ።

በዚሁ ሰሜን ሸዋ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በ1977ቱ ረሀብ የአንጾኪያ ሸለቆ ሰው የሚረግፍበት ቦታ ሆነ። የክርስቲያን ተራድኦ ድርጅት የሆነው ወርልድ ቪዥን የምገባ ጣቢያ ከፈተ። ሰው ከሞት ከተረፈ በኋላ ጣቢያው ተነቅሎ አልሄደም፤ ምንጭ ጎለበተ፣ ለመስኖ ወንዝ ተጠለፈ፣ በተራቆተው ተራራ ላይ ችግኝ ተተከለ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ቆመ። በዚያው ዘመን ተከፋፍለው የኖሩ አብያተ ክርስቲያናት በአንድነት እህል ለማከፋፈል ተጣመሩ፤ በኋላም ኦርቶዶክሷ ቤተ ክርስቲያን፣ ካቶሊኳና መካነ ኢየሱስ በአንድ የእርዳታ ኅብረት ውስጥ አብረው ሠሩ። ረሀቡ ይህን አላደረገም። በትግራይም፣ በወሎም፣ በሸዋም ረሀብ ነበረ፤ ስንቱ ሸለቆ እንደተራቆተ ቀረ። አንጾኪያ የለመለመችው ሰዎች ስለሠሩባት ነው።

ይህን ሁሉ ስንል መከራ ውስጥ እግዚአብሔር የለም ማለታችን አይደለም። በተቃራኒው። በመከራ ውስጥ እግዚአብሔርን ያገኙ ሰዎች ምስክርነት ሊሰማ ይገባል፤ በተለይ ደብረ ብርሃን አካባቢ በቻይና ካምፕና በባኬሎ መጠለያዎች ከተጠለሉ ሰዎች አፍ። ከእነርሱ አንዷ ተነሥታ «በዚያ ሌሊት እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነበረ፣ ዛሬ ከትናንት ይልቅ አውቀዋለሁ» ብትል ጉባኤው ሁሉ ሊቆም ይገባዋል። ሌላዋ ተነሥታ «አላገኘሁትም፣ እስካሁንም እፈልገዋለሁ» ብትል ደግሞ እንደዚያው ሊሰማት ይገባል። ምስክርነቱ የእነርሱ ነው፤ ሰባኪ አስቀድሞ ሊጽፍላቸው አይችልም።

ስለዚህ ለሰባክያን፣ ለቀሳውስትና ለመጋቢዎች፣ ለሰንበቴና ለጽዋ ማኅበራት አንድ ልመና ይቅረብ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ መጠለያው ስትሄዱ ስለ መከራ ጥቅም የተዘጋጀውን ስብከት ቤት አስቀምጡት። መጀመሪያ ተቀመጡ። ስም ጠይቁ፤ የሞተውንም ስም ጠይቁ፤ በጸሎት ጊዜ ያንን ስም ጥሩት። የማኅበሩን ወርሃዊ መዋጮ ከፍላችሁ ለደብተርና ለዩኒፎርም አውሉት። ወደ ቀዬው መመለስ ለሚፈልግ ቆርቆሮና ሚስማር ግዙለት፤ መመለስ ለሚፈራ ሥራ ፈልጉለት። ያቃጠለው ሰው ለፍርድ እንዲቀርብ በአደባባይ ጠይቁ፤ ያቃጠለው የእናንተው ወገን ቢሆንም ጠይቁ። ከዚያ በኋላ፣ ያ ሰው ራሱ ዝምታውን ሰብሮ ስለ እግዚአብሔር መናገር ሲጀምር፣ አዳምጡት።